ሻንጣው እስከ አቴንስ ብቻ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ማርታ ሳሎኑ መሃል ሻንጣዋን ከፍታ፣ ልብሷን ሶፋው ላይ ዘርግታ ስልኳን ትነካካለች። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ወደ ውጭ ሊልካት ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ።

«እማዬ፣» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ትኬቱን ለየብቻ ነው የቆረጥነው። እስከ ዱባይ አንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። እንደዚያ ሲሆን ይረክሳል። ሻንጣዬ ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይስ ዱባይ ላይ አውጥቼ እንደገና አስገባለሁ?»

መልሱን የምትጠብቀው ከእኔ ሳይሆን ከስልኳ ነበር። እኔ ግን ምስሩን ከነሰፌዱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «እስከ መጨረሻው አስጽፊው። የሚያስፈልግሽንም በእጅሽ ያዢ» አልኳት። ድምፄ ሳይሻክር አልቀረም፤ ማርታ ስልኳን ትታ አየችኝ።

እኔ በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። በር ቆልፌ ከመንገድ ተመልሼ መቆለፉን አያለሁ። ነፍሷን ይማረውና እናቴ፣ «ይህች ልጅ ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ ትዘረጋለች፣ ጃንጥላው ሳይጠፋም ታለቅሳለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የሻንጣው ነገር ግን ከተፈጥሮ ጭንቀት የመጣ አይደለም። በልጅነቴ፣ ሃያዎቹን እንደ ጀመርኩ፣ ለየብቻ በተቆረጠ ትኬት ተጉዤ የደረሰብኝ አለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወሩ ጥር። በጥር ሰፈራችንን ቀራንዮን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ሰፈሩ ዳስ በዳስ ይሆናል። ድግሱ በቀበሌ ፈቃድ፣ ጭፈራውም ሰዓት እላፊ ሳይገባ የሚያልቅ ቢሆንም ሠርግ ሠርግ ነው። ከመድኃኔዓለም በታች ባለው መንገድ ሲያልፉ ከአንዱ ግቢ የወጥ ሽታ፣ ከሌላው ከበሮ፣ ከሦስተኛው ጠላ የጠጣ ሰው ምርቃት ይቀበልዎታል። በዚያ ወር እኔም ሙሽራ ነበርኩ። ደጃችን ላይ ግን ዳስ አልተጣለም።

የማገባው አበራን ነው። አባቱ አቶ ደምሴ አየር ጤና ጋራዥ ነበራቸው። አበራ በትምህርት ቤት ይበልጠኝ ነበር፤ ኋላ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄደ። ሁለት ዓመት ተጻጻፍን። ከዚያ አቶ ደምሴ ሽማግሌ ላኩ። አባቴም እንደ ደንቡ፣ «እስቲ ቤተ ዘመድ ይምከርበት» ብሎ ካመላለሳቸው በኋላ ሰጠኝ። አበራ መጥቶ እንዳያገባኝ፣ አንዴ ከገባ ተመልሶ ለመውጣት የሚፈቀድለት መሆኑን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ ሙሽራዋ ወደ ሙሽራው ትሂድ ተባለ። ሶፊያ ማዘጋጃ ቤት ቅዳሜ ቀን ተይዞልን፣ እኔ ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ እንድነሣ ተቆረጠ።

ትኬቱ ሁለት ሆነ። እስከ አቴንስ ያለውን አባቴ እዚህ በብር ገዛ። ከአቴንስ ሶፊያ ያለው ግን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል ተባለ፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደኛ ላለ ሰው በወሬ የሚታወቅ ነገር ነው። አበራ እዚያው ገዛውና፣ ትኬቱ አቴንስ አውሮፕላን ጣቢያ በስሜ ተቀምጦ እንደሚጠብቀኝ ጻፈ። «በስሟ ይጠብቃታል» ነው ያለው። በየትኛው ስሟ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው ስንት ስም አለው?

ከመሄዴ በፊት በነበረው ሳምንት ቤታችን ሻንጣ ሲሞላ፣ ሲራገፍ፣ እንደገና ሲሞላ ሰነበተ። ቡናማ፣ ማዕዘኑ በብረት የተለበጠ ትልቅ ሻንጣ ነው። እናቴ ጥጡን በእጇ ፈትላ ያሠራችው የሠርግ ቀሚሴ ከነነጠላው ከታች ተኛ። በላዩ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ ተከመረ፤ ሶፊያ ያሉት ልጆች የአገራቸው ምግብ ከቀመሱ ዓመት አልፏቸዋል ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ያመጣው ነው። አባቴ በመጨረሻው ቀን ለክት የሚያስቀምጠውን ጋቢ ከሣጥኑ አወጣ። ይህን ጋቢ ለዓመት በዓልና ለሠርግ ካልሆነ አይለብሰውም። አጥፎ ከቀሚሴ ጎን አስገባና፣ «እኔ እዚያ ልቆም አልችልም። ይሄ ይቁምልኝ። በማግሥቱ ለአበራ አልብሽው» አለኝ። እናቴ ፊቷን አዙራ የሽሮውን አፍ እንደገና ማሰር ጀመረች።

ያኔ ነው ሻንጣው ምን እንደሆነ የገባኝ። እናት የለችም፣ አባት የለም፣ አጃቢ የለም፣ እልል የሚል ጎረቤት የለም። በሠርጌ ላይ ከወገኔ የሚገኘው ያ ሻንጣ ብቻ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ጭንቀቴን ያባባሱት ጋሽ ሙዘይን ናቸው። አጥራችን የሚዋሰን፣ መርካቶ የሚነግዱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሐጅ አድርገው ስለነበር በሰፈራችን ከእሳቸው ሌላ አውሮፕላን የተሳፈረ አልነበረም። ሻንጣውን ሲያዩ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡና ተንበርክከው በሲባጎ ይጠፍሩት ጀመር።

«ስሚኝ ልጄ፣» አሉኝ ሲባጎውን በጥርሳቸው እያጠበቁ። «አውሮፕላን ሰው አይጥልም፣ ዕቃ ነው የሚጥለው። እኔ ጅዳ ስወርድ ሻንጣዬ ካራቺ ወርዷል። አንቺ ሁለት ትኬት ነው የያዝሽው፤ ሁለት ትኬት ሁለት መንገድ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው አስጽፊ። መሃል መንገድ ላይ የወረደ ዕቃ የማንም ነው።»

«ቅቤውስ ጋሽ ሙዘይን?» አለች እናቴ፤ በወተት ዱቄት ጣሳ የሞላችውን ንጥር ቅቤ ይዛ ቆማለች።

«ቅቤ ይቅር እትዬ በላይነሽ። ቅቤ አገሩን ሲለቅ ያለቅሳል፤ የልጅቷን ቀሚስ ያበላሻል።»

እናቴ «እሺ» አለች። እሳቸው እንደወጡ ግን የጣሳውን አፍ በሰም አሽጋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ሲባጎውን ፈትታ ከተተችው። የጋሽ ሙዘይንን ቋጠሮ እንደነበረ መመለስ ስላልቻለች ሻንጣው በሁለት ዓይነት ቋጠሮ ታስሮ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሴይቼንቶ ታክሲ ደጃችን ቆመ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከጫካው ቁልቁል መውረድ ጀምረዋል። ሻንጣው ከጣራው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ታሰረ። እናቴ ቤት ቀረች፤ መንገድ ላይ ካለቀስኩ ገዱ አይቀናትም ብላ ነው። በጦር ኃይሎች አድርገን እስከ ቦሌ ድረስ፣ መኪናው በጎረበጠው ቁጥር አባቴ እጁን በመስኮት አውጥቶ ጣራውን ይደባብስ ነበር። ሾፌሩ በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ሻንጣው አለ፤ ከወደቀ እኔም እሰማዋለሁ» አለው።

ቦሌ ስንደርስ ሻንጣውን የሚቀበለው ወጣት ትኬቴን አገላብጦ አየ።

«ከአቴንስ ወዲያ ያለው ትኬት የታለ?»

«እዚያው አቴንስ ይጠብቀኛል» አልኩት።

«እንግዲያው የምጽፈው እስከ አቴንስ ብቻ ነው።»

አባቴ ጣልቃ ገባ። «ልጄ፣ አደራህን፣ እስከ ሶፊያ በልልን። የሠርግ ዕቃ ነው።»

«አባባ፣ ያላየሁትን ትኬት እንዴት ብዬ እጽፋለሁ? እዚያ ስትደርስ ለትራንዚት ሠራተኞቹ ትንገራቸው፤ ያዛውሩላታል።»

እጀታው ላይ ወረቀት አሠረ፤ በላዩ ስሜንና አቴንስን ጻፈ፤ ቁራጩን ለእኔ ሰጠኝ። ሻንጣው በጨርቅ መጋረጃው ሥር አልፎ ሲሄድ አባቴና እኔ ጎን ለጎን ቆመን አየነው። ከዚያ አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። ብዙ ሊለኝ የፈለገ ይመስለኛል፤ ያለኝ ግን፣ «ሻንጣውን እንዳትረሺ» ብቻ ነው። እኔም እሱን አቅፌ ማልቀስ ሲገባኝ፣ «አልረሳም አባዬ» ብዬ ገባሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ የሆነውን ብዙም አላስታውስም። ዶሮ አቀረቡልኝ፤ ዓርብ ስለነበር ዳቦውንና ብርቱካኑን ብቻ ቀመስኩ። የሻንጣውን ቁራጭ ወረቀት ከመዳፌ አላወጣሁም። በላቤ ርሶ ቁጥሩ ሊጠፋ ሲደርስ ደንግጬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ በማነበው እተማመናለሁ፣ በምናገረው አልተማመንም። «ሻንጣዬን ወደ ሶፊያ አዛውሩልኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሠርቼ በልቤ እየደጋገምኩ መንገዱ አለቀ።

አቴንስ ዝናብ ነበር። ከአውሮፕላኑ እንደወረድን ወደ ትራንዚት አዳራሽ አስገቡን። የአገሩ ቪዛ ስለሌለኝ ከዚያ አዳራሽ መውጣት አልችልም፤ ሻንጣ የሚወርድበት ቦታ ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከታች ነው። ለአንድ የደንብ ልብስ ለለበሰ ሰው ትኬቴን አሳየሁት። «ተቀመጪ፣ በስምሽ ይጠሩሻል» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ስም መጥራት ጀመሩ። ድምፅ ማጉያው በግሪክኛ ይጮሃል፣ በእንግሊዝኛ ይደግማል። ጆሮዬን አቁሜ «ግዛው» እስኪል እጠብቃለሁ፤ አባቴ ግዛው ነው፣ ትኬቴም ፓስፖርቴም ውድነሽ ግዛው ይላሉ። ግዛው አይልም። በመሃል ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ድምፅ ማጉያው «ደምሴ» አለ። ሰባብሮም ቢሆን ብሎታል። ጥቂት ቆይቶ ደገመው።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የአገሬ ሰው አለ ማለት ነው። ደምሴ የሚባል አንድ ኢትዮጵያዊ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ባገኘው ስለ ሻንጣዬ ይነግርልኛል፣ በእንግሊዝኛም ሳይበልጠኝ አይቀርም። እንዲያውም የአበራ አባት ስም በመሆኑ እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት። ተነሥቼ አቶ ደምሴን ፍለጋ አዳራሹን ዞርኩ። ሲጋራ ከሚያጨሱት መካከል፣ ወንበር ላይ ከተኙት መካከል፣ እስከ ወንዶች መጸዳጃ በር ድረስ ሄጄ ጠይም ፊት ፈለግሁ። ድምፅ ማጉያው አሁንም ደምሴን ይጣራል፤ ምን ዓይነት ደንታ ቢስ ሰው ነው ብዬ ተናደድኩበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥሪ ከስሙ ቀጥሎ «ሶፊያ» ሲል ሰማሁ። የሚጣሩት እኔን ነበር።

የትራንዚት ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ፖስታ ይዛ ቆማለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዛሬም ድረስ አላማትም።

«ሚስስ ደምሴ?» አለችኝ።

«አይደለሁም። ደምሴ የባሌ አባት ናቸው።»

«ባልሽ ማን ይባላል?»

«አበራ።»

«ታዲያ ሚስስ አበራ ነሽ?»

«እሱም አይደለሁም።»

ፓስፖርቴን ገለጠች። «ግዛው ማነው? የቀድሞ ባልሽ ነው?»

«አባቴ ነው።»

ትኬቱን አሳየችኝ። ሚስስ ውድነሽ ደምሴ ይላል። የሆነው ኋላ ነው የገባኝ፤ አበራ የመግቢያ ጥሪ እንዲፈቀድልኝ ገና ከወራት በፊት ሚስቴ ናት ብሎ አስመዝግቦኛል። ሚስት ከሆነች ስሟ የባሏ የቤተሰብ ስም ነው ብለው በእሱ አባት ስም ጻፉኝ፤ ትኬቱም በዚያው ተቆረጠ። ያን ሰዓት ግን ያየሁት አንድ የማላውቃት ሴት ስሜን ከፊት አድርጋ የሰው አባት ስታስከትል ነው።

«በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም» አልኳት። «ባል ይመጣል፣ ይሄዳል። አባት ግን አንድ ነው።»

ፈገግ አለች። «ጥሩ አገር ነው» አለችና ስልክ አንሥታ ወደ ታች ደወለች። ስትጨርስ ፈገግታዋ አልነበረም። ሻንጣው አለ፣ ከታች ቆሟል አለችኝ፤ ግን ከአዲስ አበባ እስከ አቴንስ በግዛው ስም የመጣ ነው። ወደ ሶፊያ የምትሄደው ደግሞ ደምሴ ናት። ትኬቱ የተቆረጠው ለየብቻ፣ አየር መንገዱም የተለያየ፤ ሁለቱ ሴቶች አንድ መሆናቸውን የሚያሳይ ምንም ነገር የላትም። «የአንዷን ዕቃ ለሌላዋ መላክ አልችልም» አለች።

«ሁለቱም እኔ ነኝ።»

«ለእኔ አንዷን ሁኚልኝ» አለችና በቀስታ አስረዳችኝ። ደምሴ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ፣ ፓስፖርቴ የልጅነት ስሜን እንደያዘ ተቆጥሮ እሳፈራለሁ፤ ሻንጣው ይቀራል፣ ኋላ ግዛው የተባለችው በጽሑፍ ትጠይቅ። ግዛው ነኝ ካልኩ ሻንጣውን ያመጡልኛል፤ የሶፊያው ትኬት ግን የእኔ አይደለም። ቪዛ ስለሌለኝም ከነሻንጣዬ በመጣሁበት አውሮፕላን ወደ አገሬ ነኝ። የሶፊያው አውሮፕላን ተሳፋሪዎቹን መጥራት ጀምሯል።

አባቴ «ሻንጣውን እንዳትረሺ» ያለኝ ጠዋት ነው። ታች፣ ከእግሬ ሥር፣ ጋቢው አለ፤ የእናቴ ፈትል አለ። ወርደሽ ንኪው ቢሉኝ በደረጃ የሚደረስበት ቦታ ነው። ደግሞ አበራን አሰብኩ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ቀን ቢያልፍ ሌላ ቀን ይስጡ አይስጡ አላውቅም፣ እኔ ከተመለስኩ ሁለተኛ መውጫ ፈቃድ የሚሰጠኝ እንደሌለ ግን አውቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ሰዓት የለም። ሴትየዋ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ፈረምኩ። ውድነሽ ደምሴ። እጄ ፊደሎቹን አያውቃቸውም፤ የሌላ ሰው ፊርማ የማስመስል ሌባ መሰልኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ ዝናብ የሚወርድባቸውን የዕቃ ጋሪዎች በመስኮት እያየሁ ቡናማ ቀለም ፈለግሁ። አልነበረም። እስከ ሶፊያ አለቀስኩ።

አበራ በረዶ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ጢም አብቅሏል። ሻንጣዬን ሲያጣ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ዋናው አንቺ መምጣትሽ ነው» አለ። «ስሙ ወረቀት ነው እኮ ውድነሽ።»

«ወረቀቱ ላይ አባቴ የለም» አልኩት። ወደ ተማሪዎቹ ማደሪያ ወሰደኝ። እኔ ሦስት ፎቅ ወጥቼ የሴቶቹ ክፍል ተኛሁ።

በማግሥቱ አንዲት አብራው የምትማር ልጅ ያበደረችኝን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ቀሚሱ ትከሻዬ ላይ ሰፊ ስለነበር ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዘውታል። አሥር የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አጅበውናል፤ በርበሬው አለመምጣቱን ሲሰሙ እኔን ላለማሳዘን ቢጥሩም ፊታቸው ተሰብሮ ነበር። አንደኛው፣ «ጎመን ከለመድን ቆይተናል፣ አትጨነቂ» አለኝ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ባንዲራ። በሙሽራው በኩል ጓደኞቹ ቆሙ። በእኔ በኩል ማንም አልነበረም። ዞር ብዬ ባዶውን ቦታ አየሁና ጋቢው እዚያ ወንበር ላይ ተደርቦ ታሰበኝ።

የምታጋባን ባለ ሥልጣን ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ሪባን አስራለች። ቡልጋርኛ ስለማልችል አስተርጓሚዬ አበራ ራሱ ነው። ሙሽራ ሆኖ ማስተርጎም እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የራሱን ጥያቄ ራሱ ይጠይቀኛል። «አበራን ለማግባት ትፈቅጃለሽ?» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «እፈቅዳለሁ» አልኩ። ተረጎመ። ሴትየዋ አንድ ወረቀት አገላብጣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። አበራ ወዲያው አልተረጎመውም።

«ምን አለች?»

«ከዛሬ ጀምሮ የትኛውን የቤተሰብ ስም ትይዣለሽ ነው የምትለው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውድነሽ፣ ጥሪሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ሁሉም በደምሴ ነው ያለው። አሁን ሌላ ካልሽ የሚያመጣብንን አላውቅም። ለጊዜው እሺ በይ፣ ኋላ እናስተካክለዋለን።»

እውነቱን ነው፤ ተቆጥቶም አልነበረም፣ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። የፈቃድ ነገር በዚያ ዘመን እዚያም እዚህም የሚቀለድበት አይደለም። ግን ከቀራንዮ ይዤው የመጣሁት ነገር ሁሉ አቴንስ ቀርቷል። ከአባቴ ቤት የቀረኝ ቢኖር ይኸው የምጠየቀው ነገር ነው።

«ግዛው በላት» አልኩት።

አበራ አየኝ። ሴትየዋ ትጠብቃለች፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ። የሚለውን ቢለውጥ ላውቅበት የምችልበት ቋንቋ የለኝም፤ ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ ስም ነው። ከንፈሩን እየተመለከትኩ ያችን ቃል ጠበቅኩ። ረዘም ያለ ነገር በቡልጋርኛ ተናገረ፤ ከመጨረሻው ላይ፣ ጥርት አድርጎ፣ አዳራሹ እስኪሰማ «ግዛው» አለ። ሴትየዋ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ጻፈችው። ከኋላ አንዷ ልጅ እልል አለች። መቼ አገባሽ ብትሉኝ፣ በሽማግሌ የታጨሁት ሌላ ቀን ነው፣ የፈረምኩትም ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ያገባሁት ግን ያን ሰዓት ነው እላለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዱን ለማስተካከል እስከ በጋው ድረስ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትን። ሻንጣው ግን አልመጣም። አበራ ደጋግሞ ጻፈ፤ በመጨረሻ የመጣው መልስ ወደ ሶፊያ በዚያ ቀን ግዛው የምትባል ሴት አልተሳፈረችም የሚል ነበር። ከዓመታት በኋላ አገራችን ስንገባ ለአባቴ ስነግረው፣ ስለ ጋቢው «ያገኘው ሰው ይሙቀው» ብሎ አለፈው። የማዘጋጃ ቤቱን ነገር የነገረው አበራ ነው፤ እኔ አፍሬ ነበር። አባቴ አዳምጦ ሲጨርስ ተነሥቶ ደጅ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አበራን «ልጄ» እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለማርታ ነገርኳት፤ ከዚህ በፊት በደንብ አልነገርኳትም ነበር። ሳቀች፣ ከዚያ ስልኳን አዙራ፣ «እስቲ ስሜ ልክ መሆኑን አንቺው እይልኝ» አለችኝ። ሁለቱንም ትኬት አየሁላት። የዛሬው ፓስፖርት የአያትን ስም ከመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ፈረንጅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ነው ይላል። ሁለቱም ትኬት ላይ አንድ ዓይነት ተጽፏል፦ ማርታ አበራ ደምሴ።

ልክ ነው። ስሟ ነው፤ ያ እጄ ያላወቀው ስም እሷ ላይ ሲሆን አባቷና አያቷ ናቸው፣ ሻንጣዋንም ማንም አይቀማትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ከፋኝ። ግዛው ከእኔ ወዲያ የትም አይጻፍም። ወንድም የለኝም፣ ልጆቼ የአባታቸውን ስም ይጠራሉ፣ የልጅ ልጆቼም እንዲሁ። ደንባችን ነው። አቴንስ ላይ ለዚያች ሴት፣ ሶፊያ ላይ ለአበራ የተሟገትኩለት ደንብ እሱው ራሱ ነው፤ ለእኔ አባቴን ያስቀረልኝ፣ ለልጄ ደግሞ የእሷን አባት ሰጣት። ልጣላውም አልችልም።

«ልክ ነው፣ ምንም ስህተት የለበትም» ብዬ ስልኩን መለስኩላትና ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።